ሩብ ኩባያ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ይህን የምጽፈው ባለታሪኩ ራሱ «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይልኝ» ስላለኝ ነው።

ልጁ ባልደረባችን ነው፣ የማደንዘዣ ባለሙያ። ታኅሣሥ ላይ ሽንት ሊያስመረምር መጣ። ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል አለ። ማንም አልገረመውም። በዚያ ወር ከጮቄ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል፤ ሁላችንም «ብርድ መቶህ ነው» አልነው። በማይክሮስኮፕ ሳየው ነጭ የደም ሴሉም ቀዩም ብዙ ነው። ዩቲአይ (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን) ተባለ፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ሄደ።

ተመለሰ። ሌላ አንቲባዮቲክ ተሰጠው። አሁንም ተመለሰ። ካልቸር ሠራሁለት፣ ሽንቱን ሳህን ላይ አድርጎ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ማየት ማለት ነው፤ ሁለት ቀን ጠብቄ ሳህኑን ሳወጣው ንጹሕ ነው፣ አንዲት የባክቴሪያ ኮሎኒ የለችበትም። ምናልባት መድኃኒት ላይ ሆኖ ስለሰጠኝ ነው ብዬ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ ደገምኩት። ባዶ። ቲቢም ጠርጥረን አየን፣ የለም። ከዚህ በፊት ቤኒሻንጉል ውስጥ ኩርሙክ ሠርቶ ስለነበር የሽንት ቢልሃርዚያም ፈለግኩ። የእኛ ደጋ ላይ የለም፣ እዚያ ቆላው ላይ ግን አለ። የትሉ እንቁላል የሚገኘው እኩለ ቀን አካባቢ በሚሰጥ ሽንት ስለሆነ በሰዓቱ አስመጥቼ አየሁት። ምንም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ኩባያው ነው። ባመጣ ቁጥር ከሩብ አያልፍም። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ተቆጣሁት። «ሂድና ጨምርበት እንጂ፣ ይህን ይዤ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እቴ፣ ያለው ይኸው ነው» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

ያን ቀን ቆም ብዬ ኩባያውን ባየው ኖሮ። የጤነኛ ሰው የሽንት ፊኛ 400 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የእሱን በኋላ በመለኪያ ሲሊንደር ስለካው 60 እንኳ አልሞላም። እኔ ስፈልግ የከረምኩት ሽንቱ ውስጥ ያለውን ነበር፣ መልሱ ግን መጠኑ ላይ ነበር።

ነገሩን የፈታው ዲውቲ ላይ የነበረ ሐኪም ነው። አልትራሳውንድ አንስቶ የፊኛው ግድግዳ ወፍሮ አየ፤ አንደኛው ኩላሊትም ሽንት አቁሮ ማበጥ ጀምሯል። ካልቸሩ ሁለቴ ባዶ መሆኑን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «የሚሠራው የት ነው?» አለኝ። ኦፕሬሽን ክፍል አልኩት። «ኬታሚን የሚቀዳው እሱ ነዋ» አለ። ኬታሚን የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቡና ይዤ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተቀመጥኩና በቀጥታ ጠየቅኩት። አልካደም። ከአንድ ዓመት በላይ፣ መጀመሪያ ከዲውቲ በኋላ ሐሳብ ለመርሳት፣ ኋላ በየቀኑ። ብልቃጥ ውስጥ የሚተርፈውን ነበር የሚወስደው። ማንም የተረፈውን አይመዘግብም ነበር።

ኬታሚን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ትንፋሽ ሳያቆም፣ ደም ግፊት ሳይጥል ያደነዝዛል፤ እንደኛ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ነፍስ አድን ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በቀዶ ጥገና አንዴ የተሰጣችሁ እናቶች አትደንግጡ። ችግሩ የሚመጣው እየደጋገሙ ለስካር ሲወስዱት ነው። መድኃኒቱና ጉበት ሰባብሮት የሚቀረው ቅሪት በሽንት ነው የሚወጡት፤ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅመው ሲቆዩ የውስጡን ሽፋን ያቆስላሉ። ቁስሉ ሲደጋገም ግድግዳው ይጠነክራል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፣ ይጨማደዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. የካናዳ ሐኪሞች በየቀኑ ይወስዱ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችን ይዘው ይህንኑ ጽፈዋል። የእነሱም ካልቸር ባዶ ነበር።

ልቤን የሰበረው ግን ሌላ ነው። ኬታሚን ሕመም ያስታግሳል። ፊኛው ሲነድደው የሚያሳርፈው ያው ያነደደው መድኃኒት ነው። «ሌሊት አሥር ጊዜ እነሣለሁ፣ ስወስደው ሁለት ሰዓት እተኛለሁ፣ ምን ላድርግ እቴ?» አለኝ። እኛ ደግሞ ውሃ ጠጣ፣ ተልባ ጠጣ እያልን መከራውን እናበዛበት ነበር። ሱሰኛ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ያስበው የነበረው ደስታ አይመስለኝም።

ወደ ባሕር ዳር ላክነው። መጀመሪያ ያሉት ማቆም ነው፣ ሌላው ሕክምና ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ካቆሙ ፊኛው ሊያገግም ይችላል፤ ጠባሳ ሆኖ ከደረቀ ግን በቀዶ ጥገና ከአንጀት ቆርጦ እስከ ማስፋት ይደርሳል። ለእሱ ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደው ለእናቱ መናገር ነበር። አብሬው ሄጄ ተናገረ።

አሁን ኦፕሬሽን ክፍላችን ውስጥ የተረፈ ኬታሚን በሁለት ሰው ፊርማ ነው የሚደፋው። እኔም ካልቸር ባዶ ሆኖ ሕመሙ ሲደጋገም ውጤቱ ላይ የሽንቱን መጠን እጽፋለሁ፤ ሐኪሙም ምን ምን እንደሚወስድ እንዲጠይቀው በስልክ እነግረዋለሁ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ጨዋ ቢመስል።

ልጁ አልፎ አልፎ ይደውላል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ቁጥር ነው የሚነግረኝ። ባለፈው እሑድ «180» አለኝ።