ሙዝ ወይስ ስኳር ድንች? ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው

የልጄ ምሳ ዕቃ ሲዘጋጅ እኛ ቤት ክርክር አይጠፋም። ባለቤቴ "ሙዝ አድርጊላት፣ ፍራፍሬ ይሻላል" ይላል። ወላይታ ያደገችው እናቴ ደግሞ ስኳር ድንችን የሚያህል የለም ባይ ናት። እኔ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። የወጥ ቤት ሚዛኔን አወጣሁ።

የመዘንኩት የሚበላውን ብቻ ነው። የሙዝ ሲሶው ገደማ ልጣጭ ነው፤ አንድ ኪሎ ብለን የምንገዛው ሙሉው ሆድ አይገባም። ስኳር ድንቹን ልጬ፣ ቀቅዬ ነው ሚዛን ላይ ያወጣሁት። ጥሬውን ማን ይበላዋል? ከዚያ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በነጻ የለቀቀውን የምግብ ይዘት መረጃ ከፈትኩና ሁሉንም በ100 ግራም አየሁት።

ጉልበት ላይ ብዙም አይራራቁም። ሙዝ 89 ካሎሪ፣ ቅቅል ስኳር ድንች 76። አሰራቸው 2.6 እና 2.5 ግራም፣ እኩል በሉት። ፕሮቲን ከሁለቱም አትጠብቁ። ቫይታሚን ቢ6 ሙዝ ውስጥ ከእጥፍ ይበልጣል። ፖታሲየምም ላይ ሙዝ ይቀድማል፤ 358 ሚሊግራም ለ230። ግን ስኳር ድንቹ ከነልጣጩ ኦቨን ውስጥ ከበሰለ 475 ይደርሳል። ተልጦ ሲቀቀል ከፊሉን ከውሃው ጋር እንደፋዋለን፤ ኦቨን ደግሞ እርጥበቱን አድርቆ ያለውን ያጠራቅመዋል። ከዚያ ወዲህ ስቀቅልም ከነልጣጩ ነው።

ቫይታሚን ኤ ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሙዝ 3 ማይክሮግራም፣ ስኳር ድንች 787! ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 400 ይበቃል። ሃምሳ ግራም፣ ማለትም ሁለት ሦስት ቁራሽ፣ የቀኑን ሊሸፍን ምንም አይቀረው።

እሰይ ልል ስል ሳህኑን አየሁት። መረጃው ላይ ያለው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ነው፤ የእኔው ነጭ። በሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ቤታ ካሮቲን፣ ያ ብርቱካናማ ቀለም ራሱ ነው። ነጩ ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል። በነጩ ከሄድን በቫይታሚን ኤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ብርቱካናማው አገራችን ውስጥ አለ። ኩልፎና ቱላ የሚባሉት ዝርያዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎ የ2016ቱን የዓለም የምግብ ሽልማት ከተጋሩት መካከል የሆኑት ይህንኑ ብርቱካናማ ስኳር ድንች አፍሪካ ውስጥ በማስፋፋታቸው ነው። ሰፈር ጉሊት ላይ ማግኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

"እማማ፣ ውስጡ ምን ዓይነት ነው?" አልኳቸው ሻጯን። በቢላዋ ጫፍ ጫር አድርገው አሳዩኝ። "ነጩ ነው ልጄ። ሰው የሚወደው ደረቁን ነው፣ ያኛው ውሃ ይበዛዋል።" እውነታቸውን ነው። በኋላ ብርቱካናማውን አግኝቼ ስቀቅለው ለስለስ ብሎ እጅ ላይ ይፈርሳል። ለልጅ ግን ይሄው ተመራጭ ሆነልኝ፤ ፈጭቼ ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ። ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።

ሙዙንም ንቄ አልተውኩትም። ጥሬው ሙዝ ከውሃው ውጪ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ሲበስል ወደ ስኳር ይለወጣል። የበሰለው 100 ግራም ውስጥ 12 ግራም ያህል ስኳር አለ። ልጄ ከትምህርት በኋላ ኳስ ስትጫወት የምይዝላት እሱን ነው፤ ማብሰያ አይፈልግ፣ ማንኪያ አይፈልግ። ብርቱካናማው ስኳር ድንች ሲገኝ ለምሳ ዕቃ፣ ነጩ ደግሞ ለእናቴ ከቡና ጋር።

በዘይት የሚጠበሰውን ከዚህ ንጽጽር አስወጥቼዋለሁ። ያን ሁሉ ዘይት ከጠጣ በኋላ ከሙዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።