እንጨት ተክለን ዋልን

ዛሬ ከእህቴ ልጆች ጋር የወይን ሐረግ ስገርዝ ዋልኩ። ትንሿ መቀሱን አይታ «አክስቴ፣ ለምን ታሳምሚያታለሽ?» ብላ አኮረፈችኝ። እውነትም አብዛኛው ቅርንጫፍ ሲወገድ ጭካኔ ይመስላል። ዘለላው የሚንጠለጠለው ግን አምና ካደገው እንጨት ዘንድሮ በሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ካልተገረዘ ሐረጉ ይተበተባል፣ ፍሬው ያንሳል።

ከተቆረጠው ውስጥ እርሳስ የሚያህል ውፍረትና ሦስት አራት ዓይን፣ ማለትም ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት፣ ያለውን መርጠን፣ ውኃ በማይቋጥር አፈር፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ተከልን። ታላቅየው ገልብጦ ተክሎ ነበር! ዓይኖቹ ወደ ላይ ማየት እንዳለባቸው ሳሳየው በራሱ ሳቀ።

«መቼ እንበላለን?» አሉኝ። ሦስት ዓመት ገደማ ስላቸው ትንሿ በጣቶቿ ቆጠረች። «ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለችና ውኃ ልታመጣ ሮጠች።