የእሁዱ ሥራ፦ ፍሪትዝ ፖላርድ እንዴት ተጫውቶ ኖረ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ሞልቷል፤ በ1986 በ92 ዓመቱ እዚያው ያረፈውን ፍሪትዝ ፖላርድን የሚያውቅ ግን እምብዛም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የሚለው እሱን ነው። የፉትቦል ተጫዋች ሲባል ዛሬ ባለ ሚሊዮን ይታየናል፤ የፖላርድን ኑሮ ግን ሁለትና ሦስት ሥራ የሚሯሯጥ ስደተኛ ይበልጥ ይረዳዋል።

ሊጉ በ1920 የተመሠረተው ኦሃዮ ካንተን ውስጥ፣ መኪና መሸጫ ሱቅ ላይ ነው። ክፍያው እንደ ቀን ሥራ በጨዋታ ነበር። ፖላርድ ለኦሃዮው ቡድን ለአክረን እየተጫወተ ፔንስልቬንያ የሚገኘውን የሊንከን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ያሠለጥን ነበር። በ1921 አብሮት የተሰለፈው፣ በኋላ ዝነኛ ዘፋኝና ተዋናይ የሆነው ፖል ሮብሰን ደግሞ ኒውዮርክ ሕግ ይማር ነበር።

ሥራው ከባድ ነው። ያው ሰው ያጠቃል፣ ያው ሰው ይከላከላል፤ በ1925 እንኳ አንድ ቡድን መያዝ የሚችለው 16 ተጫዋች ብቻ ነበር። እስከ 1933 ድረስ ወደ ፊት ኳስ የሚወረውር ሰው ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር 5 ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ መራቅ ነበረበት። ስለዚህ ጨዋታው ኳስ ይዘው በሚሮጡ ሯጮች ትከሻ ላይ ወደቀ። ሯጩ ፖላርድ ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ትንሽ ነው።

የሚያሰጋው መውደቁ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ያለው ነበር። በዚያን ጊዜ ሕግ የወደቀ ሯጭ አጥብቀው ካልያዙት ተነስቶ መሮጥ ይችላል። ተጋጣሚዎች ታዲያ እየተደራረቡ ይወድቁበታል፤ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ጉልበትና ቡጢ ይጨመርበታል። የቆዳ ቆቡም ግዴታ የሆነው በ1943 ነው። ፖላርድ ዘዴ ነበረው፦ እንደወደቀ በጀርባው ይገለበጣል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ የጫማውን ጥርስ ወደ ላይ አዙሮ እግሩን ያወራጫል። የሚዘልበት ሰው ጥርሱ ላይ ያርፋል። ዳኛ ካላዳነህ ጫማህ ያድንህ እንደማለት ነው።

አክረን በ1920 ስምንት አሸንፎ፣ ሦስት አቻ ወጥቶ፣ በዓመቱ 7 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ሻምፒዮን ሆነ። የቡድኑ ኮከብ ግን ልብሱን የሚቀይረው በቡድኑ ባለቤት የሲጋር ፋብሪካ ውስጥ ነበር። በ1921 አሰልጣኝነቱን ጨመሩለት፤ መጫወቱም አልቀረለትም።

ከ1934 እስከ 1945 ሊጉ አንድም ጥቁር አላሰለፈም። የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ዝም ብለው መቅጠር አቆሙ። ፖላርድ በ1930ዎቹ አጋማሽ የኒውዮርክ ሐርለሙን የጥቁሮች ቡድን ብራውን ቦምበርስን ያሠለጠነው በዚህ መሀል ነው። ከእሱ በኋላ ሁለተኛው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አርት ሼል የተሾመው በ1989 ነው፤ ፖላርድ በሞተ በሦስተኛው ዓመት።

ካንተን ያለው የፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ፖላርድን የተቀበለው በ2005 ነው። ኮሎምበስ ያላችሁ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ ትደርሳላችሁ፤ አክረን ደግሞ ከካንተን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።