ቴምብር፣ ጤና አዳም እና ያገለገሉ መጻሕፍት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ልብሱ ታጥቧል፣ አስቤዛው ገብቷል፣ ምሳ ተበልቶ ዕቃው ተነስቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት የኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጥፍና ጎድጎድ ያለ ሳህን፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና አልበሜን አወጣለሁ። ቴምብር እሰበስባለሁ።

ይህን ስናገር «እስካሁን ቴምብር አለ እንዴ?» የማይለኝ ሰው የለም። አለ። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ቀነሰ እንጂ ፖስታ ቤቱ ሥራ ላይ ነው። እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ ገቢና ወጪ ደብዳቤ በእጄ ያልፋል። አብዛኛው በሰው እጅ የሚመጣ፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ብቻ ያለበት ነው። አልፎ አልፎ ግን ከፖስታ ሳጥናችን ቴምብር የተለጠፈበት ይገኛል። ደብዳቤው ይመዘገብና ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ባዶው ፖስታ ይጣላል። አለቃዬን አስፈቅጄ የሚጣለውን እኔ እወስዳለሁ። ፖስታ ሳጥኑን የሚከፍቱልን ጋሼ ገና ከበር ሲገቡ «ልጄ፣ ዛሬ ባለ ወፍ አለልሽ» ይሉኛል። አሁን አሁን ከኔ በላይ የሚጓጉት እሳቸው ናቸው።

ያስጀመሩኝ የአክስቴ ደብዳቤዎች ናቸው። አክስቴ ሮም ነበረች። ደብዳቤዋ ሲመጣ እናቴ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኛ ዙሪያዋን ከበን እንሰማለን። አጀማመሩ ሁልጊዜ ያው ነው። «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» የኔ ዘመን ሰው ሆኖ ይቺን ሰላምታ ያልጻፈ ወይም ያልተጻፈችለት ያለ አይመስለኝም። ደብዳቤው ታጥፎ ወደ እናቴ ሳጥን ይገባል፣ ፖስታው ለኔ ይሰጠኛል። ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ስንጥር ያለበት የአየር መልእክት ፖስታ። ከወረቀቱ ስስነት የተነሳ ብርሃን ላይ ሲያዝ ያሳያል።

ቴምብር በጥፍር አይላጥም። ይቀደዳል፤ ባይቀደድ እንኳ ጀርባው ይሳሳል። መጀመሪያ ቴምብሩ ያለበትን ጥግ ሰፋ አድርጌ በመቀስ እቆርጣለሁ። ሳህኑ ላይ ለብ ያለ ውኃ አፈስና ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አንሳፍፈዋለሁ። በጣም የሞቀ ውኃ ቀለሙን ያስለቅቃል። ባለቀለም ፖስታ፣ በተለይ ቀይ፣ ለብቻው ነው የሚነከረው። ከወረቀቱ የሚወጣው ቀለም አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ትንሽ ይነሳል። ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ወረቀት እየተንሸራተተ ይለቃል። በወረንጦ የምነካው ያኔ ነው። ጀርባው ላይ የቀረውን ሙጫ በጣቴ ቀስ ብዬ አሽቼ አጠራና ጨርቁ ላይ በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ሲደርቅ መጠቅለል ይወዳል። ስለዚህ ማታ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስገብቼ ሌላ መጽሐፍ እጭንበታለሁ። ጠዋት ቀጥ ብሎ አገኘዋለሁ። በቅርብ ጊዜ የሚወጡት እንደ ስቲከር የሚለጠፉት ግን በውኃ እሺ አይሉም። እነሱን ከነወረቀታቸው ቆርጬ ነው የማስቀምጠው።

ብዙ ሰብሳቢ ማኅተም ያልተመታበትን ንጹሕ ቴምብር ይመርጣል። ዋጋም ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው እሱ ነው። የኔ ምርጫ ሌላ ነው። እኔ የተመታበትን ነው የምወደው። ንጹሑ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ነው። የተመታበት ግን የሆነ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ የገዛው፣ በምላሱ አርሶ የለጠፈው፣ ወደ ሌላ ሰው የሄደ ነው። አጉሊ መነጽሩን ሳስጠጋ ክቡ ላይ ግማሽ ስም አነባለሁ። «ደሴ»፣ «ጅማ»፣ አንዳንዴ «አስመ» ላይ ይቆረጣል። በላቲን ፊደልም አብሮ ተጽፎ ስለሚገኝ አንደኛው ባይነበብ ሌላኛው ይነበባል። አንዱ ማኅተም ደምቆ ግማሹን ሥዕል ሸፍኖታል፤ ፖስተኛው በጉልበት ነው የመታው። ሌላው ጥግ ላይ ብቻ ነካ ተደርጓል። ያን እጅ አላውቀውም፣ ግን ጥንቃቄውን አያለሁ።

አገራችን ቴምብር ያወጣችው ቀድማ ነው። የመጀመሪያዎቹ የወጡት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። የታተሙት ፓሪስ ሲሆን ሰባት ናቸው። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ ጀምሮ እስከ 16 ግርሽ ነበር። በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ በኛ ቴምብር ብቻ አይሄድም። ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቱ ቴምብር ይጨመርበታል። በዚያ ዘመን የተላከ ፖስታ ላይ የምኒልክ ምስልና የፈረንሳዮቹ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፈው ይታያሉ። ነጻ አገር ሆኖ ደብዳቤን በራስ ቴምብር ብቻ ዓለም ዳርቻ ማድረስ እንኳ በልመናና በስምምነት የመጣ ነገር መሆኑን ያ አንድ ፖስታ ያሳያል። ቸርችል ጎዳና ከዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ። ስንቱ ሰው በደጁ ያልፋል! ልጆች ያላችሁ አንድ ቀን ውሰዷቸው። የወንድሜን ልጅ ይዤ ሄጄ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እየሮጠች አድክማኛለች። «አክስቴ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ የነገሥታቱን ተራ ከትምህርት ቤቷ ይልቅ እዚያ ያዘችው።

ከአልበሜ አብልጬ የምወደው ገጽ የንግሥቶቹ ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጡ ናቸው፤ ንግሥተ ሳባ፣ እሌኒ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ምንትዋብና ጣይቱ። አምስቱንም በአንድ ረድፍ ለማየት ከጓጓሁ ቆየሁ። የአፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የሰብለ ወንጌል ቦታ ግን እስካሁን ክፍት ነው።

አንዲት ባንክ የምትሠራ ጓደኛዬ «ምን ይጠቅምሻል?» ትለኛለች። በክፋት አይደለም፤ ለኔ አስባ ነው። በገንዘብ ከሆነ የኔ ስብስብ ብዙም አያወጣም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ለሰው የሚያስፈልገውን ስመዘግብ፣ ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው። ቅዳሜ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ማንም ሳያስቸኩለኝ በደንብ እሠራለሁ። ከዚያ በላይ ጥቅም አልፈልግም።

ጠረጴዛዬ አጠገብ ሁልጊዜ ቡና አለ። በረንዳዬ ላይ አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም ተክያለሁ። ቅርንጫፉ የመጣው ከእናቴ ጓሮ ነው፣ ከወሎ። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል፣ ውኃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው የማጠጣው። ቡናው ሲቀዳ አንዲት ትንሽ ዘለላ ሲኒው ውስጥ ነከር አደርጋለሁ። ጀበናው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ያኔ ምሬቱ ይበዛል፣ ቶናውም በረካውም ያንኑ ይሸታል። ሲኒ ውስጥ ሲሆን ሽታው ቀድሞ አፍንጫ ይገባል፣ የቡናው ጣዕም ከኋላ ይመጣል። እኔ አቦሉን በጤና አዳም፣ ቶናውን ባዶውን፣ ሁለቱንም ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ጨው ካልነካው ቡና አይሉትም። በዚህ ሁልጊዜ እንከራከራለን፣ አንዳችንም ሐሳባችንን አንቀይርም፣ ጀበናው ግን አንድ ነው።

ባለፈው ክረምት ጤና አዳሙ ላይ ትል አየሁ። አረንጓዴ፣ ወፈር ያለ፣ ሲነኩት ከግንባሩ ቀይ ቀንድ አውጥቶ መጥፎ ሽታ የሚለቅ። እትዬ «አንሽና ጣይው» አሉኝ። እኔ ተውኩት። ቅጠሉን ግማሽ በላና አንድ ቀን ጠፋ፤ በረንዳው ብረት ላይ ተጣብቆ ደርቆ አገኘሁት። ከሳምንታት በኋላ ከዚያ ውስጥ ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ወጣ። ክንፉ እስኪደርቅ ቆየ፣ ከዚያ በጣሪያዎቹ ላይ ሄደ። ተክሉ ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም አዲስ ቅጠል አወጣ። አንድ ነገር ለምትተክሉ ልንገራችሁ፤ ጤና አዳም በጠራራ ፀሐይ አይቀጠፍም። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ማታ ወይም ማለዳ ቅጠፉ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ሌላው ልማዴ ያገለገለ መጽሐፍ ነው። ደመወዝ ሲገባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አዟሪዎች ዘንድ ጎራ እላለሁ። መጀመሪያ የማየው የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ነው። «ማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ በሰማያዊ ስክሪፕቶ። የድሮ መጽሐፍ አከራይ ማኅተም ያለበትም ይገኛል፤ በቀን ሳንቲም እየከፈሉ ስንት ሰው እንዳነበበው ከገጹ ጥግ መልፋት ይታያል። ከሁሉም ግን በእርሳስ የተሰመረበት ነው የሚያስደስተኝ። እኔ በማላስተውለው ዓረፍተ ነገር ሥር መስመር አገኝና «ይሄን ለምን ወደደው?» ብዬ ተመልሼ አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ ያሰመረው ሰው ልክ ነው። እኔም በእርሳስ ብቻ ነው የማሰምረው። ስክሪፕቶ የሚቀጥለውን አንባቢ ያስገድዳል። እርሳስ ግን ካልተስማማው በላጲስ ያጠፋዋል።

ቀሪዎቹ ልማዶቼ ትናንሽ ናቸው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሥር ካልተቀመጥኩ መንገዱ ይረዝምብኛል። የተለጠፈ ጥቅስ ካየሁ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፤ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለውን ስንቴ እንዳየሁት፣ ባየሁት ቁጥርም ደስ ይለኛል። ሽሮ የትናንቱ ይጣፍጠኛል፣ በተለይ በረቡዕና በዓርብ፣ ከቃሪያ ስንግ ጋር። ቦርሳዬ ውስጥ የታጠፈ ፌስታል አይጠፋም። ሬዲዮ የምከፍተው ሳህን ሳጥብ ነው። ሙዚቃ ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ዝቅ።

ወደ ቴምብሩ ልመለስና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ሳጥን ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ የቆየ ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። የአያት፣ የወታደር አጎት፣ ውጭ የቀረ ዘመድ። ሳታነቡ አትጣሉ። ቴምብሩንም አትላጡ፣ አትንከሩም። ለዛሬው የመሥሪያ ቤት ፖስታ መንከሩ ጉዳት የለውም፤ የድሮው ግን ከነፖስታው፣ ከነአድራሻው፣ ከነማኅተሙ ነው የሚያምረውም የሚከበረውም። ደረቅ ቦታ፣ ፕላስቲክ ሳይሆን ንጹሕ ወረቀት ውስጥ፣ ፀሐይ ከማይነካው ጥግ አስቀምጡት። ከልጆቻችሁም ጋር አንብቡት፤ ያን ሰላምታ ይስሙት።

የሰብለ ወንጌልን ቴምብር በትርፍ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ የጣይቱ ሁለት አሉኝ። አንዷን እለውጣለሁ። ማኅተም ተመቶባት ከሆነማ ምን እፈልጋለሁ!