አደይ በመቃብር መሀል

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁም፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ሆናችሁ ዶሮ ወጡን በቪዲዮ የምታዩም፣ ሁላችሁም።

ዘንድሮ መልእክቴ ወደ መቃብር ያደላል። በዓመት በዓል ምን ነካት አትበሉኝ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ማዕዱ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የጎደለው ሰው ነው።

አያቴ ያረፈችው ደቡብ ጎንደር፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። መቃብሯ ላይ እምነ በረድ የለም። ድንጋይ በዙሪያው ተደርድሯል፣ በቃ። ከራስጌዋ የሸመገለ ወይራ አለ። አዞ ሐረግ ተጠምጥሞበት ነጭ አበባውን ቁልቁል ለቆታል። ወደ አጥሩ ሲጠጉ ቀጋ አለ። ከሰሃራ በታች ብቸኛዋ አገር በቀል ጽጌረዳ እሷ ናት፤ እኛ ግን ለአጥር እንጂ ለአበባ አንቆጥራትም። ዛፉ ሳሳ ብሎ ፀሐይ በሚገባበት ደግሞ አደይ አለች። ማንም አልተከላትም። ክረምቱ ሲወጣ በድንጋዮቹ መሀል ብቅ ትላለች። ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋት መሀሏ ወደ ብርቱካንማ ያደላል፣ ንብም አይጠፋባትም። የጥቅምትና የኅዳር ማር ብዙው ከእሷ ነው።

እንዲህ ያለ ግቢ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሞልቷል። ዙሪያው ታርሶ ሲያልቅ ደኑ የቀረው በየደብሩ ነው። ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው ይባላል፤ ልብስ ደግሞ አይገፈፍም። ብዙዎቻችሁ በልብ ወለዶቻቸው የምታውቋቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪም ናቸው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ዝግባው፣ ጽዱ፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ኮሶው እዚያ አለ፤ አያት ቅድመ አያቶቻችንም ሁሉ ከሥራቸው ናቸው። ወሎ ውስጥ ባየኋቸው የሙስሊም መቃብሮችም ዛፍ ይከበራል።

አደይ ዘሯን ጥላ ትሞታለች፣ ዘሩ በጋውን ተኝቶ በዝናብ ይነሳል። ዛፎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላሻል። የበቀለውን ችግኝ ከብት ከጋጠው፣ እናት ዛፏ በወደቀች ቀን የሚተካት የለም። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ሽማግሌ ብቻ ነው፣ ልጅ የለም።

ለዚህ ነው ዶ/ር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው የድንጋይ አጥር እንዲሠራ የደከሙት። ነገሩ ቀላል ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ይክባል። እርሻውም ይጸዳል፣ ከብቱም አይገባም፣ ችግኙም ያድጋል። እንደዚህ ያለ ብልሃት ደስ ይለኛል።

በሌላ በኩል ባህር ዛፍ በየደብሩ እየገባ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለደብሩም ገቢ ነው፣ አልፈርድም። ከሥሩ ግን ሣር እንኳን በወጉ አይበቅልም። ከተማ ውስጥ ደግሞ መቃብሩ ቪላ ሆኗል። ሴራሚክ፣ የብረት አጥር፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ። ማንም ለወገኑ ያቅሙን ያደርጋል። ግን ሲሚንቶ በፈሰሰበት አደይ በየት በኩል ትውጣ?

እና ዘንድሮ ልለምናችሁ። አደይ ስትቀጥፉ ከሥሯ አትንቀሏት፣ ጥቂቱንም ለዘር ተዉላት። ለሙት ዓመት ሐውልት ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከገንዘቡ ትንሽ ቀንሳችሁ ለደኑ አጥር ስጡ። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ስለሆነ አሁን ከካህናቱ ጋር መነጋገር ይቻላል። በግ ጠባቂዎቹንም አትርሱ፤ ችግኙ በእነሱ እጅ ነው።

ከሁሉም በላይ የማስበው ግን ሰው አጥታችሁ መቃብሩን እንኳን የማታውቁትን ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ነን። ለእሱ ሐውልት የምታቆሙበት ቦታ የላችሁም። አንድ ዝግባ ወይም አንድ ወይራ በስሙ ብትተክሉ፣ ክረምት ሲመጣ ሄዳችሁ የምትኮተኩቱት፣ በመስከረም ከሥሩ የምትቀመጡበት ነገር ይኖራችኋል። እኔ ለአጎቴ በሚመጣው ክረምት ዝግባ ልተክል ነው፤ ከአያቴ ወይራ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጥላው እንዳይጫነው።

የእናንተ ሰዎች ያረፉበት ግቢ ውስጥ ምን ዛፍ አለ? እስኪ ጻፉልኝ። መልካም አዲስ ዓመት!