የላሟ አንገት

ሰሞኑን ዝም ብሎ ይደብረኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ስልኬ ላይ የድሮ ፎቶ ስጎረጉር ያ የሐርጌሳ ጉዞ ወጣ፤ አንዲት ጉደኛ ጓደኛዬ ጎትታ የወሰደችኝ ላስ ጌል የሚባል ቦታ።

ከሐርጌሳ በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ወደ በረሃው ትገነጠላላችሁ። እሾህ፣ ድንጋይ፣ ፍየል፣ ግመል። ላብ በላብ ሆናችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ ከቋጥኙ ጥላ ሥር ቀና ስትሉ ግን ላም በላም ነው! 5 ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ ሥዕል ነው፤ ያኔ አገሩ ሣርና ውሃ ነበረው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 «አገኙት» ይባላል፤ የአገሬው ሰው ድሮም ያውቀው ነበር። እኛም ጋ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ፣ የነዚህ ላሞች ዘመዶች አሉ።

ግታቸው የተንዠረገገ ነው። አንገታቸው ደግሞ ቀይና ነጭ ሸንተረር በሸንተረር፣ የሙሽራ ጥልፍ በሉት። ከሥር አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ትንሽዬ። እሱም ሸሚዝ የመሰለ ነገር አለው፣ ግን ማን ያየዋል።

ላሟን እያመለከ ነው የሚሉ አሉ። ይሆናል። እኔ ግን ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «እሱ» ነው፣ ስትቆጣ «ሰውዬው»። ቡሬን ግን «እሜቴ»፣ «የኔ ጌጥ» እያለች ነበር የምታልባት። ጥጃውን ትንሽ አጥብታ አጠገቧ ታስረውና ግቱን እየዳበሰች ወሬዋን ትጀምራለች፤ የሰፈሩን ሐሜት፣ የወገቧን ሕመም፣ ለማንም የማትነግረውን ሁሉ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ለኔ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም» ይላል። መልስ የለም። ወተቱ ብቻ ማለቢያው ውስጥ ሽርር ይላል።

እና ያ ላሟ ሥር እጁን የዘረጋው ሰውዬ እያመለከ ባይሆንስ? «እኔስ?» እያለ ቢሆንስ? ሥዕሉንስ ሚስቱ ስላው ቢሆን?

ቆይ፣ እኔ እንዲህ የማናግረው ማን አለኝ?

ዛሬ ጠዋት ለአንድ ደላላ ደውዬ የወተት ላም ስንት እንደገባ ጠየቅኩ። «ግቢ አለሽ?» አለኝ።

«አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ግን በረንዳ አለኝ» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው።