ከፍሬኑ ይልቅ ደወሉን አመንኩ

ብስክሌት መግዛቱ ቀላል ነበር። ከመርካቶ ያገለገለ ገዛሁ፤ ካቴናውንና የፍሬኑን ጎማ አስቀየርኩ፤ የራስ መከላከያና ቁልፍ ጨመርኩ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አንዳንድ ጎዳናዎችን ለመኪና በሚዘጋባቸው እሑዶች እየወጣሁ ተለማመድኩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በአንድ ወር ግን ይለመዳል። በዚህ ሁሉ ምክር አያስፈልጋችሁም። እኔን አስቀድሞ ማንም ያልነገረኝ ከእግረኛ ጋር አብሮ ስለመሄድ ነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ተጀምሮ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ሲታደስ፣ ከእግረኛው መሄጃ ጎን የብስክሌት መስመር ተሰመረለት። ወደ ሥራ የምመላለስበት መንገድ ነው። ለዓመታት በታክሲ ሰልፍ ላይ ያቃጠልኩት ጊዜ የተመለሰልኝ ያህል ተደሰትኩ። መስመሩም የእኔ መሰለኝ። ጥፋቴ የጀመረው ከዚህች ሐሳብ ነው።

በከተማችን በእግሩ የሚሄደው ሰው ከሁሉም ይበዛል። ይህ ሕዝብ ዕድሜውን በሙሉ በጉድጓድ፣ በድንጋይ ክምርና በቆመ መኪና መካከል እየተሽሎከለከለ ነው የኖረው። ደልዳላ መሬት ሲያገኝ ይሄድበታል። ሁለት ጓደኛሞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ዘመድ ያገኘ ሰው ባለበት ቆሞ ይሳሳማል፤ ታክሲ የሚጠብቀው መኪናው መጣ አልመጣ እያለ ወደፊትና ወደኋላ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ድፍረት እቆጥረው ነበር። ደወሌን እያንጫረርኩ መሀላቸውን ሰንጥቄ አልፋለሁ፤ ሲበታተኑልኝም ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ድልድይ ቁልቁል እወርዳለሁ። ከፊቴ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት በብስክሌቱ መስመር ቀኝ ጠርዝ ይሄዳሉ። በግራቸው ለማለፍ በቂ ቦታ ነበረ። ደወሉን ሁለት ጊዜ መታሁ። ፍሬን አልያዝኩም፤ ከደወልኩ እንግዲህ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ድምፁን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ምን እንደሆነ ለማየት ዞር አሉ፤ ሲዞሩም እግራቸው ወደ ግራ ተራመደ። በቀጥታ ወደ እኔ።

በኋላ አስልቼዋለሁ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ ወደ ሰባት ሜትር ይጓዛል። ዓይን አይቶ እጅ ፍሬን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በመካከላችን ሰባት ሜትር አልነበረም።

መሪው ትከሻቸውን መታቸው፤ በቀኝ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ወደቁ። እኔ ክርኔ ተላጠ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ዕቃውን ጥሎ ሮጦ መጥቶ አነሳቸው። «እኔን፣ እማማ!» እያለ ነጠላቸውን ያራግፍላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ደውዬ ነበር እኮ!» የሚል ነው። ያቺ ቃል እስካሁን ታንገበግበኛለች።

በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ራጅ ተነሡ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ጀሶ ታሰረላቸው፤ ስድስት ሳምንት ተባለ። ልጃቸው ስትደርስ እናቷን ሳይሆን እኔን ነበር መጀመሪያ ያየችው። «እናቴ እኮ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ ሰው ናት። በየትኛው እጇ ልትጋግር ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቃል ለመስጠት ሄድን። የተቀበለን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «የት መስመር ላይ ነበሩ?» በብስክሌቱ መስመር እንደነበሩ ነገርኩት። ወደ እሳቸው ዞሮ «እማማ፣ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶልዎ ሳለ በብስክሌት መስመር ገብተው ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አላቸው። ስንት እየሄድኩ እንደነበር አልጠየቀኝም። ፍሬን ይዤ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቁልቁለት መሆኑን እንኳ አልጻፈም። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው፣ ቀኝ እጃቸው በጀሶ ስለታሰረ፣ የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ቀለል አለኝ።

ቅለቱ ግን ሁለት ሳምንት አልቆየም። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ «እኔ ነኝ እንጂ ጥፋተኛዋ፤ መንገዱን ዘግቼብህ» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። በሠራሁት ነገር ከእኔ ይቅርታ ይጠይቃሉ! በማግሥቱ ወደዚያው ሰው ተመልሼ ቃሌን ማስተካከል እንደምፈልግ፣ በፍጥነት እየሄድኩ እንደነበርና ፍሬን አለመያዜን ነገርኩት። «ፈርማችኋል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። ሰው ራሱን ለመክሰስ ይመጣል እንዴ?» ብሎ መለሰኝ። ሌላ ቀን ተመለስኩ፤ ያው መልስ ነው። ወረቀቱ ዛሬም ጥፋተኛ የሚላቸው እሳቸውን ነው። የሕክምናውንና የስድስቱን ሳምንት ገቢያቸውን ከፍያለሁ፤ ያን ወረቀት ግን መክፈል አልቻልኩም።

ብስክሌት መንዳቴን አልተውኩም። መስመሮቹንም እወዳቸዋለሁ፤ እንዲበዙም እፈልጋለሁ። የምነዳው ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ከምንባለውም ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። «በመስመራችሁ ሂዱ፣ ደወል ተጠቀሙ» ይሉናል። ደወል ከኋላው የተደወለበትን ሰው ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚራመድ ራሱም አያውቅም። መስማት ለማይችል ሰው ደግሞ ደወል ማለት ምንም ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ፍሬን እይዛለሁ፤ የእግረኛውን እርምጃ ያህል እስክዘገይ ድረስ። ከዚያ በአፌ «ይቅርታ እናቴ፣ በግራዎ ላልፍ ነው» እላለሁ። ዞር ብለው እስኪያዩኝ እጠብቃለሁ። ብዙዎቹ ፈገግ ብለው ነው የሚያሳልፉኝ፤ አንዳንዶቹም ይመርቁኛል።

ታክሲ መቆሚያ ጋ ወርጄ እገፋለሁ፤ መስመሩ ባዶ ቢመስልም። ከቆመ ታክሲ የሚወርድ ሰው ወደ ኋላ አያይም፤ እንዲያይም አልጠብቅበትም። ልጅ ያየሁ እንደሆነም እንዲሁ። በዝናብ የጎማ ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ ቁልቁለቱን በእግሬ ነው የምወርደው። መፍጠን ያማረው ሰው እሑድ በማለዳ ወደ እንጦጦ ይውጣ እንጂ ሰው በሚሄድበት ቦታ እግሩን አይፈትሽ። ከመገናኛ አራት ኪሎ ስመላለስ በዚህ አነዳድ የሚጨመርብኝ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

እማማን በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። ጀሶው ከተፈታ ቆየ፤ መጋገርም ጀምረዋል። ባለፈው ስሄድ ምጣዱ ላይ ነበሩ። አንጓቸው እንደ ድሮው አልታጠፍ ስላላቸው፣ አክንባሎውን የሚያነሱት በግራ እጃቸው ነው።